ኮሎኔል ለምን ከርነል ሆነ?

አማርኛ ተናጋሪ «ኮሎኔል» የሚለውን ማዕረግ ለመጥራት አይቸገርም። በሬዲዮ ሲሰማው፣ በጋዜጣ ሲያነበው ነው ያደገው። ያው ሰው እንግሊዝኛ ሲማር ቃሉን በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። ፊደል በፊደል ቢያነበው ኮሎኔል ይሆንለታል። አስተማሪው ግን «ከርነል ነው የሚባለው» ይሉታል። ተማሪው ቃሉን ደግሞ ያየዋል። የ«ር» ድምፅ የሚሰጥ ፊደል የለበትም።

የቃሉ ምንጭ ጣሊያን ነው፤ በሰልፍ እንደ ዓምድ የቆመ ጦር አዛዥ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ሲዋሱት ሁለት «ል» ተከታትሎ መምጣቱ ለአፋቸው ስላልተመቸ የመጀመሪያውን «ር» አድርገው «ኮሮኔል» አሉት። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ በ«ር» ጠሩት፣ በ«ር» ጻፉት። በኋላ ሊቃውንቱ የጣሊያንኛውን ምንጭ ተመልክተው አጻጻፉን ወደ «ል» መለሱት። የሕዝቡ አፍ ግን አልተመለሰም። ፈረንሳዮች ራሳቸው አጻጻፋቸውንም አጠራራቸውንም አስተካክለው ዛሬ እንደ እኛው ኮሎኔል ይላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ አንዱን በእጁ እየጻፈ ሌላውን በአፉ ይጠራል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለ ተማሪ ተነሥቶ «ኮሎኔል» ብሎ ቢያነብ፣ ያነበበው ፊደሉ የሚለውን ነው። መዛባቱ የተፈጠረው ከመቶ ዓመታት በፊት ሌላ አገር ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚሳቀው ግን በልጁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሳቅ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች «እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብለው የሚቀመጡት ቋንቋው ስለከበዳቸው እንዳልሆነ አምናለሁ። የጻፉት ሁሉ በቀይ ሲሰረዝ ምክንያቱን የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች እንግሊዝኛን የምንጀምረው የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ብለን ነው። ሀ ሁ ሂ ሃን የጨረሰ ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ሳይቀር ይጠራዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን ግእዝ ሳይሰማ ዳዊት ይደግማል። ይህ ልጅ «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» የሚሉት አራት ፊደላት በአንድ ቃል «ራፍ»፣ በሌላው «ኮፍ»፣ በሦስተኛው «ዶ»፣ በአራተኛው «ባው» ተብለው ሲነበቡ ያያል። ሸካራ፣ ሳል፣ ሊጥ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ማለት ናቸው። አጨራረሳቸው በጽሑፍ አንድ ነው፤ በአፍ አራት። ደንቡን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በቃ ሸምድደው» የሚል ነው።

ለባለቤቶቹም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በእንግሊዝኛና በሌሎች 12 የአውሮፓ ቋንቋዎች ማንበብ የሚጀምሩ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር። ፊንላንዳውያንን የመሰሉ፣ ፊደላቸው ከድምፃቸው ጋር የሚገጥም ልጆች የንባብን መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ይይዛሉ። እንግሊዝኛ አንባቢዎቹ ከእነዚህ ከእጥፍ በላይ የሚዘገይ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ እነዚህ ደግሞ ቋንቋውን ከእናታቸው ጉያ የያዙት ናቸው። እኛ አገር በሁለተኛ ቋንቋው የሚማረውን፣ ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበትን፣ ማትሪኩንም በዚያው የሚፈተነውን ልጅ ይህን እያሰብን ብንመዝነው ፍርዳችን ይለያል።

ነገሩ የግድ እንግሊዝኛ እንዲሆንም ከሰማይ አልተጻፈም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ጎልቶ የቆየው የፈረንጅ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ቦታውን የወሰደው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ከተባረረ በኋላ ነው። የጦር ማዕረጎቻችን የዚያ የፈረንሳይኛ ዘመን ምስክር ናቸው። ኮሎኔል እንላለን፣ ሌተና እንላለን። ሌተናውን እንግሊዞች «ሌፍተናንት»፣ አሜሪካኖች «ሉተናንት» ይሉታል፤ የእኛው ለፈረንሳይኛው ይቀርባል።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ ለዜግነት ፈተና ስትዘጋጅ ማታ ማታ አብሬያት አጠና ነበር። የጽሕፈቱ ክፍል ያው ትምህርት ቤት የምናውቀው ዲክቴሽን ነው። ፈታኙ ዓረፍተ ነገር ያነብባል፣ ተፈታኙ ይጽፋል፤ እስከ ሦስት ዕድል ይሰጠዋል፣ አንዱን ከጻፈ ያልፋል። የሚመጡት ቃላት አስቀድመው ታትመው የወጡ ስለሆኑ ዝርዝሩን ይዘን ተቀመጥን። አጭር ዝርዝር ነው፤ የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ጣጣ ግን ሙሉ በሙሉ አለበት ማለት ይቻላል። «ካፒታል» እና «ሲትዝን» በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ ሲ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ናት። «ፌብሩዋሪ» ውስጥ ብዙ አሜሪካውያን የማይጠሯት አንዲት «ር» አለች። መብት ማለት የሆነው «ራይት» ደግሞ ድምፅ የሌላቸው ጂ እና ኤች መካከሉ ላይ ተቀምጠውበታል።

«ልጄ፣ ካልተጠሩ ምን ሊሠሩ ይጻፋሉ?» አለችኝ።

«ድሮ ይጠሩ ነበር፣ እቴቴ» አልኳት። እውነት ነው። የጥንት እንግሊዞች ቃሉን «ሪኽት» ይሉት ነበር፣ በጉሮሮ «ኽ»። ያንን ድምፅ ለመጻፍ በኋላ ጂ እና ኤች ተጣመሩ። ድምፁ ጠፋ፤ ፊደላቱ ቀሩ። ጀርመንኛ ዘመዱ ስለሆነ ዛሬም «ሬኽት» ይላል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ወዲያው ያዩታል። እንግሊዝኛ ድምፅ የሌላቸው ጂ እና ኤች በሚጽፍባቸው ስንት ቃላት ላይ ጀርመንኛው «ኽ» ይላል! ሌሊት ናኽት፣ ብርሃን ሊኽት፣ ስምንት አኽት፣ ሴት ልጅ ቶኽተር። ጉልበት በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ተጽፋ የማትነበበዋን ኬ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ክኒ» እያሉ ይጠሯታል።

አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እንደ ንጉሡ ሠ ነዋ!» አለች።

ዳዊት ደጋሚ ናት። ሥላሴን በእሳቱ ሰ ጀምሮ የጻፈ ሰው ስታይ ይከነክናታል። ነገሩን ከእኔ ፈጥና ያየችው ለዚህ ይመስለኛል። እኛም አማርኛ ስንናገር ለይተን የማንጠራቸውን ፊደላት ለይተን እንጽፋለን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ሞክሼ የሚባሉት ናቸው። በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ድምፆቹ በአማርኛ አፍ ተዋሐዱ፣ በጽሕፈት ግን ከነልዩነታቸው ቀሩ። ዐይኑ ዐ ምን ይመስል እንደነበር መስማት የሚፈልግ ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛውን «ዓይኒ» በልልኝ ይበለው። ትግርኛ ሐመሩ ሐን እና ዐይኑ ዐን ከነጉሮሯቸው ጠብቋቸዋል። ለእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ጀርመንኛ ምስክር እንደሚቆም፣ ለእኛ ሞክሼዎች ትግርኛ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ጥናታችን መልኩን ለወጠ። የማይነበብ ፊደል ባጋጠማት ቁጥር «ይኼስ የማን ነው?» ትለኛለች፤ ከየት መጣ ማለቷ ነው። ብዙውን መመለስ ይቻላል። ድምፅ የሌለው ፊደል ምንጩ ሲታወቅ ከአእምሮ አይጠፋም። ይህን አስተማሪዎች ቢሞክሩት ደስ ይለኛል፤ ከአሥር ጊዜ ቅጂ ይልቅ አንድ ታሪክ ይበልጥ ያስይዛል።

ለመሆኑ አጻጻፉ ለምን አብሮ አልተለወጠም? ትልቁ ምክንያት የጊዜ አለመገጣጠም ነው። ዊልያም ካክስተን የሚባል ነጋዴ ማተሚያ ቤት ለንደን አጠገብ፣ ዌስትሚኒስተር ላይ የከፈተው በ1476 ነው። ሕትመት ሲስፋፋ አጻጻፍ እየረጋ ሄደ፤ በየደብሩ በየጸሐፊው እጅ የሚለዋወጠው ቃል አንድ መልክ ያዘ። የሕዝቡ አፍ ግን ልክ በዚያን ጊዜ ትልቅ ለውጥ ላይ ነበር። በግምት ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ሁሉ ከቦታቸው ተነቃነቁ። ስም ማለት የሆነው «ኔይም» ድሮ «ናመ» ነበር፣ እንደሚጻፈው። ጊዜ ማለት የሆነው «ታይም» «ቲመ» ነበር። ቤት ማለት የሆነው «ሐውስ» «ሁስ» ይባል ነበር። የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችን ኤ፣ ኢ እና አይ የሚባሉትን ፊደላት የሚያደናግሩት በዚህ ነው። ጣሊያኑ፣ ጀርመኑ፣ ስፔኑ የመጀመሪያዋን ፊደል «አ» ይላታል። እንግሊዙ ብቻ «ኤይ» ይላታል፤ የፊደላቱ ስም ራሱ ከአናባቢዎቹ ጋር ተሰዷል።

ከካክስተን በፊትም ቢሆን የጸሐፍት እጅ ያስቀመጠው ነገር አለ። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ጸሐፊዎቹ የፈረንሳይን ልማድ ይዘው መጡ። በዚያን ዘመን የእጅ ጽሕፈት ዩ፣ ኤን እና ኤም ቁመው የተደረደሩ ትናንሽ ሰረዞች ብቻ ስለነበሩ ጎን ለጎን ሲጻፉ አይለዩም። ጸሐፊዎቹ እንዲነበብ ብለው ዩን በኦ ተኩት። ፍቅርን «ለቭ»፣ ወንድ ልጅን «ሰን» እያልን በኦ የምንጽፈው ስለዚህ ነው። ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ መሪጌቶቻችን ይህን ችግር በደንብ የሚረዱት ይመስለኛል። መንፈስ ማለት በሆነው «ጎስት» ውስጥ ያለችው ኤች ደግሞ ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) የለመዱ የሕትመት ሠራተኞች በአገራቸው ልማድ የጨመሯት ናት።

እነዚህን ሁሉ ይቅር እላለሁ። የማልቀበለው አንድ አለ። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረውም። በ16ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ቃሉ ከላቲን እንደሚመዘዝ ለማሳየት ሲሉ ቢን ጨመሩበት፤ ማንም ጠርቷት አያውቅም። ደሴት በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ኤስ ከዚህም የባሰች ናት፤ ቃሉ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ከላቲን የመጣ መስሏቸው ነው የሰኳት። በሁለቱ ቃላት ብቻ ስንት ሕፃን እንደተገረፈ፣ ስንት ወረቀት በቀይ እንደተሰረዘ ሳስብ ያናድደኛል። ላቲን ማወቅን ለማሳየት ተብሎ ለዘመናት የሚከፈል ዕዳ በሌሎች ጫንቃ ላይ ተጣለ።

በውጭ አገር የምንኖር ደግሞ ስፔሊንጉ ስማችን ድረስ ይመጣብናል። አበበ የሚለውን በላቲን ስንጽፍ የምንከተለው የጣሊያንኛ ዓይነት አነባበብን ነው፤ የመጨረሻዋ ኢ ትነበባለች ብለን። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን የመጨረሻዋ ኢ ዝም እንደምትል ተምሯልና «አቢብ» ይለዋል። ከበደም «ኬቢድ» ይሆናል። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ የተቀመጠ አባት ስሙ ሦስቴ ተጠርቶ የማይነሣው ለዚህ ነው። የጠራችው ነርስ ቸልተኛ አይደለችም፤ የቋንቋዋን ደንብ ነው የተከተለችው። «ናመ» ሲባል የነበረው ቃል መጨረሻው ሲረግፍ ኢ ተጽፋ ቀረች፤ ሥራዋም ከፊቷ ያለው አናባቢ እንደሚረዝም ማመልከት ሆነ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ ይህን አስቀድመን ብንነግራቸው፣ መምህር ስማቸውን ሲያበላሽ አያፍሩበትም፤ ማረም ይቀላቸዋል።

የእንግሊዝኛን ስፔሊንግ ለማስተካከል የተነሡ ሰዎች ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1768 አዲስ ፊደል ነደፈ። ኖዋ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ ጥቂት ነገር ተሳካለት፤ ዛሬ አሜሪካኖች ቀለምንና ማዕከልን ከእንግሊዞች ለየት አድርገው የሚጽፉት በእሱ ምክንያት ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን አቅልሎ እንዲጽፍ አዘዘ። ኮንግረሱ ተቃወመ፣ ጋዜጦች ዘመቱበት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙን ተወው።

ድሮ የእነዚህ ደጋፊ ነበርኩ፤ አሁን አመነታለሁ። እንደ አፍ እንጻፍ ቢባል በማን አፍ? የቴክሳሱ፣ የስኮትላንዱ፣ የሌጎሱ፣ የሙምባዩ ሰው አንድ ጋዜጣ የሚያነብቡት አጻጻፉ ከአንዳቸውም አፍ ጋር ስላልተጣበቀ ነው። ድምፅ የሌለው ፊደል አንዳንዴ ዝምድናም ይጠቁማል። ምልክት ማለት በሆነው «ሳይን» ውስጥ ዝም የምትለው ጂ፣ ፊርማ ማለት በሆነው «ሲግኔቸር» ውስጥ ትናገራለች። የእኛም ሞክሼዎች ይቀነሱ አይቀነሱ ክርክር ሳይቋጭ የኖረው ተመሳሳይ ነገር ስላለበት ነው። እኔ ሠዐሊን በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ማየት እወዳለሁ።

የእኛ ፊደልስ ሁሉን ይናገራል? አይናገርም። መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ በላተኛ ይሁን የሚበላ አይታወቅም። «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ነው። እኛ ከዐውዱ እንለያለን፤ አማርኛ የሚማር እንግዳ ግን ልክ እኛ እንግሊዝኛ ላይ እንደምንቆመው ይቆማል።

ስፔሊንግ ቢያንስ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። ፈሊጥ ይብሳል። ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቅክ ዓረፍተ ነገሩ ያመልጥሃል። ብዙ ሰው የሚያነሣው «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚለውን ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለው ብዙም አያስቸግረኝም። እንግዳ ስለሆነ ፈሊጥ መሆኑን ያስታውቃል። የሚያስቸግሩት ትናንሾቹ ናቸው። «ጊቭ» መስጠት ነው። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ፣ «ጊቭ ኢን» መረታት፣ «ጊቭ አዌይ» በነጻ ማደል፣ ሲያሻውም ምስጢር ማውጣት ነው። ከመስጠት ጋር ምን አገናኛቸው? አማርኛም ይህንኑ በ«አለ» ይሠራዋል። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀለል አለ። «አለ» ማለት «ተናገረ» ነው ተብሎ የተማረ እንግዳ፣ ዝም ያለው ሰው ምን ብሎ እንደተናገረ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «በላ»ም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ ጀርባ ይበላል፣ አንጀት ይበላል።

አሜሪካ ውስጥ ቢሮ የሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ያውቃል። እዚያ የሥራ ንግግር ግማሹ ከቤዝቦል ሜዳ የመጣ ይመስላል። ግምት «ቦልፓርክ» ነው፣ ያልታሰበ ችግር «ከርቭቦል» ነው፣ ተገናኝቶ ማውራት «ታች ቤዝ» ነው፣ ኃላፊነት መውሰድ ወደ መምቻው ሳህን መጠጋት ነው። ኳስ ሲባል እግር ኳስ ለሆነበት ሰው ይህ ሁሉ ድፍን ነው። ፈሊጥ የሚወለደው ሰው ከሚውልበት ነው፤ የእኛ ከእርሻና ከጦር ሜዳ፣ ከቡና ረከቦት ዙሪያ መጥቷል። ሐሰት ወሬን «በሬ ወለደ» የምንለው በሬ ከላም የሚለይበትን የሚያውቅ አገር ስለሆንን ነው። «ቡና አጣጭ አጣሁ» የምትል ሴት ስለ ቡና ብቻ እያወራች አይደለም።

ስብሰባ ላይ የማይገባኝ ፈሊጥ ሲመጣ አንገቴን እየነቀነቅኩ ማለፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ «ምን ማለት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ስለ «ኦፍ ዘ ካፍ» ጠየቅኩ። ሳይዘጋጁ መናገር ማለት እንደሆነ ሁሉም ነገሩኝ። የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን ከተቀመጡት ሰዎች አንድም የሚያውቅ አልነበረም። እዚያው እንግሊዝኛ ሲናገሩ ያደጉ ሦስት ሰዎች መከራከር ጀመሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የምትበልጠው፣ ልጅ ሳለች ጀምሮ ልትጠይቅ የምትፈልገው ነገር እንደነበር ነገረችን።